የቆመችው ነጥብ

የአሞራው ኩስ ከሶላሩ ላይ አልለቅ ብሏል። ሀናን እርጥቡን ጨርቅ ይዛ ደጋግማ አሸችው፤ ሽታው ጉሮሮዋ ድረስ ገብቶ አቅለሸለሻት። እስከዳር በነጠላዋ አፍንጫዋን ይዛ ራቅ ብላ ቆማለች።

«ኧረ ተይው ባክሽ! ያስጠላል እኮ።»

«በየሳምንቱ ወጥቼ አጸዳዋለሁ ስትዪኝ አልነበር?»

እስከዳር ፊቷን ወደ ሰቆጣ ከተማ አዞረች። «ዳገቱ ያደክማላ! ደግሞ ይሠራ ነበር። ምን አካበድሽው?»

ይሠራ ነበር፤ እስከ ትናንት ጠዋት። ሶላሩ ኃይል የሚሰጠው የትምህርት ቤቱ የሬዲዮ ክበብ አቀባባይ ጣቢያ ነው። ቆላ የወረደው አምቡላንስ ውስጥ ያለው ሬዲዮ ያለበትን ቦታ ይልካል፤ ተራራው ላይ ያለው ጣቢያ ተቀብሎ ለክበቡ ኮምፒውተር ያሻግራል፤ አምቡላንሱም ካርታው ላይ ቀይ ነጥብ ሆኖ ይታያል። ስልክ በማይሠራበት የአበርገሌ መንገድ ላይ ሌላ ዘዴ የለም። ሶላሩ በኩስ ሲሸፈን ባትሪው አለቀ፤ ነጥቧም በነበረችበት ቆማ ቀረች።

ትናንት ከአንድ መንደር፣ ስልክ ከሚይዝበት ጉብታ ላይ ሆነው «አምቡላንሱ የት ደረሰ?» ብለው ሲደውሉ ተረኛዋ ሀናን ነበረች። «ድልድዩ ጋ ቆሟል» አለቻቸው። ከነጥቧ አጠገብ የተጻፈውን ሰዓት አላየችም። ብታየው ኖሮ ምልክቱ የቆየ መሆኑን ታውቅ ነበር።

የመንደሩ ሰዎች መኪና ቆመው አይጠብቁም፤ ታማሚ ተሸክመው መንገድ ላይ ይቀበሉታል። ምጥ የያዛትን ሴት ቃሬዛ ላይ አድርገው፣ በእግር መንገድ አቋርጠው ወደ ድልድዩ ወረዱ። አምቡላንሱ ግን ድልድዩን ካለፈ ቆይቷል፤ በመኪናው መንገድ ዞሮ መንደራቸው ገብቶ እነሱን ይፈልግ ነበር። ፀሐዩ ሲያቃጥላቸው ዋሉ። ሲገናኙ መሽቷል። እናትየዋ ተረፈች፤ ሕፃኑ አልተረፈም።

ሁለቱ ልጆች ከተራራው ወርደው ክበቡ ሲደርሱ፣ የሴትዮዋ ባል አቶ ምትኩ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል። የክበቡ ኃላፊ መምህር ካሤ ወንበራቸው ላይ ተደላድለዋል።

«መሣሪያው አይሳሳትም» ይላሉ መምህሩ። «ቦታውን የሳታችሁት እናንተ ናችሁ። ለወደፊቱ ጠንቀቅ በሉ።»

«ይሆናል፣ መምህር። እኛ ምን እናውቃለን?» አቶ ምትኩ ልጆቹን ሲያዩ አንገታቸውን ደፋ አደረጉ። «እናንተንም በከንቱ አደከምናችሁ፣ ልጆቼ። ይቅርታ።»

ሀናን አቶ ምትኩን፣ ከዚያ መምህሩን አየች። ልጃቸውን የቀበሩት እሳቸው፣ ይቅርታ ጠያቂውም እሳቸው! መምህሩ ደግሞ ጣቢያው መሞቱን አሳምረው ያውቃሉ። ዛሬ ጠዋት «ሄዳችሁ ጥረጉት፤ ከዞን እንግዶች ስለሚመጡ ለማንም እንዳታወሩ» ብለው የላኳቸው ራሳቸው ናቸው። ከተራራው ስትወርድ ሽታው የሚተዋት መስሏት ነበር፤ አልተዋትም።

እስከዳር በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። «ዝም በይ» አለች በሹክሹክታ። «አንቺም ሰዓቱን አላየሽም።»

እውነት ነው። ከሁሉ ይበልጥ ያስጠላትም ይኸው ነበር።

አቶ ምትኩ ተሰናብተው ወጡ። መምህር ካሤ እፎይ አሉ። «ጎበዞች! በሉ አሁን እጃችሁን ታጥባችሁ ኑ።»

እስከዳር ወደ ቧንቧው ሮጠች። ሀናን እጇን አየችው፤ ኩሱ ጥፍሯ ሥር ገብቷል። በሩ ላይ ቆመች። አቶ ምትኩ የትምህርት ቤቱ አጥር ጋ ደርሰዋል።

«ጋሼ ምትኩ!» ብላ ተጣራች። «አንዴ ይመለሱልኝ፣ የማሳይዎት አለ።»

«ሀናን!» አሉ መምህሩ ከኋላዋ።

አልዞረችም። አቶ ምትኩ እስኪመለሱ ጠበቀች፤ ከዚያ አልፋቸው ገብታ ኮምፒውተሩ ፊት ለፊት ወንበር ሳበችላቸው።

«ይቀመጡ» አለቻቸው። «ትናንት ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ።»