ላብ የማያውቀው ልጅ

«መንገድ ልቀቁ! ቦቴዋ መጣች!»

ሳቁ ከክፍሉ ጥግ ነበር የመጣው። ልጅቷ ውሃ የሞላውን ጠርሙስ ከጀርባዋ ደበቀች። ዘጠነኛ ክፍል ከገባች ወዲህ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ውሃ እንደሚያመላልሰው መኪና «ቦቴ» ሆና ቀርታለች።

ውሃው ለእሷ አይደለም። አምስተኛ ክፍል የሚማረው ታናሽ ወንድሟ ከተወለደ ጀምሮ ላብ የሚባል ነገር አያውቅም። ላብ የሚያመነጩት ዕጢዎች በሰውነቱ ውስጥ እንደሌሉ ሐኪሙ ለእናታቸው ነግሯታል። ሰው ሲሞቀው ያልበዋል፣ ላቡ ሲደርቅም ገላው ይቀዘቅዛል። የእሱ ገላ ግን እሳት ላይ እንደተረሳ ድስት ዝም ብሎ ይግላል። ጨዋታ ከያዘ ደግሞ ራሱን ይረሳል፤ ስለዚህ በየዕረፍቱ ሸሚዙን የምታረጥብለት እሷ ናት። እሱ ይቀልድበታል፦ «ውሻ እንኳ ሲሞቀው ምላሱን ያወጣል። እኔ ምን ላውጣ?»

የዚያን ቀን ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። ልጅቷ ልትወጣ ስትል ጓደኛዋ ክንዷን ያዘቻት።

«ሁሌ ሙድ የሚይዙብሽ በዚህ እኮ ነው። ሞግዚት ነሽ እንዴ? ነይ፣ ፎቶ እየተነሳን ነው።»

«ቶሎ ደርሼ ልምጣ…»

«አታካብጂ ባክሽ! አንድ ቀን ብትቀሪ ምን ይሆናል?»

በመስኮት ተመለከተች። ወንድሟ ሜዳው ላይ ኳስ እየነዳ ይስቃል። ጠርሙሱን ዴስኳ ውስጥ ከታ ከጓደኛዋ ጋር ሄደች።

ጩኸት ሰምታ ስትደርስ ልጁ ጎሉ አጠገብ ወድቆ ይንቀጠቀጣል። ዓይኖቹ ተገልብጠዋል። ግንባሩን ነካችው፤ እንደ ወረቀት ደርቆ እጇን አቃጠላት። የስፖርት መምህሩ አቅፎት ወደ መኪና ሮጠ።

እናታቸው ልብስ ሰፊ ናት። የመለኪያውን ሜትር ከአንገቷ ሳታወርድ ነው ሆስፒታል የደረሰችው። ልጁ ዓይኑን የገለጠው በማግስቱ ነበር። ግራ እጁ አልታዘዝ ብሎታል፤ ቃላቱም ይጎተታሉ።

«አንቺ የት ነበርሽ?» አለች እናት ወደ ልጇ ዞራ።

ልጅቷ አፏን ሳትከፍት ወንድሟ ቀደማት። «አርጥባልኛለች… እማዬ… ሁለቴ።»

እናት የማይታዘዘውን እጁን በመዳፏ ያዘች። «እንግዲያው አበቃ። ውሃ እየተደረገለትም ከወደቀ ትምህርት ቤት የእሱ ቦታ አይደለም። ከእንግዲህ ከዓይኔ አይርቅም። ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ቁጭ ይላል።» ዕንባዋን ለመደበቅ ወደ ኮሪደሩ ወጣች።

«ለምን ዋሸሃት?» አለች ልጅቷ በሹክሹክታ።

«ትገድልሻለቻ።» ሊስቅ ሞከረ፤ የከንፈሩ ግማሽ እምቢ አለው። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «በቃ… ቤት ልቀመጥ ነው?»

ልጅቷ እናቷ የወጣችበትን በር ተመለከተች። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። እንዲያውም እናቷ «የኔ ልጅ፣ የቻልሽውን አድርገሻል» ብላ ልታቅፋት ትችላለች። ያ እቅፍ ግን የሚገኘው ወንድሟ ቤት ሲቀር ነው።

ብርድ ልብሱን ወደ ደረቱ ሳበችለትና ወጣች።

እናቷ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ፊቷን በመዳፏ ሸፍናለች። ልጅቷ አጠገቧ ክፍት ቦታ ቢኖርም አልተቀመጠችም። ፊት ለፊቷ መሬት ላይ ቁጢጥ አለች።

«እማዬ» አለች፣ «ቀና በይና እዪኝ።»