የፔልቶ ቤት ጭስ ማውጫ

የአዛውንቱ የዋይኖ ፔልቶ አስከሬን ከቤታቸው የወጣው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነበር። እሳቱ ከምድር ቤቱ ሳይወጣ ጭሱ ቀድሞ ገደላቸው። የእሳት አደጋ መርማሪዋ አርዲስ ካንጋስ ከዱሉዝ ከተማ ስትደርስ፣ በረዶው ላይ የተሰበሰበው ሰው ጥፋተኛውን ለይቶ ጨርሷል፦ ባለፈው ወር የማሞቂያውን ጭስ ማውጫ የገጠመው ባለሙያ ዱዌይን ነው።

«የገጠምኩት ድርብ ቱቦ ነው፣ ሁለት ግድግዳ ያለው፤ እምልልሻለሁ!» አለ ዱዌይን። «ድርቡ ውጪው ብዙ ስለማይግል ከእንጨት አንድ ኢንች ከራቀ ይበቃዋል። ነጠላው ግን ስድስት ይፈልጋል። ይሄን እንኳ የማላውቅ ጀማሪ ነኝ?»

አርዲስ ወደ ምድር ቤቱ ወረደች። የተገጠመው ቱቦ ነጠላ ነበር። ሁለት ኢንች በማይሞላ ርቀት ላይ የሽማግሌው መደርደሪያና የጋዜጣ እሽጎች ከሰል ሆነዋል። ባትሪዋን ሽቅብ ስታበራ፣ ቱቦው በጣሪያው በሚያልፍበት ቆርቆሮ ላይ ክብ ምልክት አየች። ክቡ ከቱቦው ይሰፋል።

የሽማግሌውን ጎረቤት ሄልሚን ጠየቀቻቸው። «መጨረሻ ያዩዋቸው መቼ ነው?»

«እሁድ፣ ልጄ። ሾርባ ይዤላቸው ብገባ ካፖርት ደርበው ቁጭ ብለዋል። ቤቱ በረዶ ሆኗል። ‹ኦርቪል ታች የማሞቂያውን ማጣሪያ እየቀየረልኝ ነው› አሉኝ። እሳቸውማ ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ደረጃ አይወርዱም።»

የሟቹ ልጅ ኦርቪል አልካደም። «አዎ፣ ማጣሪያ ቀየርኩ። አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም።»

ከሰዓት በኋላ አርዲስ ሦስቱንም በሄልሚ ወጥ ቤት ሰበሰበቻቸው። ሄልሚ ቡና ቀዱ። የነካው አልነበረም።

«ቆርቆሮው ላይ የወፍራም ቱቦ ምልክት አለ» አለች አርዲስ። «ስለዚህ ዱዌይን እውነቱን ነው፤ ድርቡን ገጥሞ ነበር። ጋዜጦቹም ለድርቡ በቂ ርቀት ላይ ነበሩ። በኋላ ግን አንድ ሰው በነጠላ ቀየረው። የጋለ ቱቦ ደግሞ በእጅ አይፈታም። ማሞቂያው ጠፍቶ መቀዝቀዝ አለበት። እሁድ ቤቱ እንደዚያ የበረደው ለዚህ ነው። በአምስት ደቂቃ ማጣሪያ ቤት አይበርድም፣ ኦርቪል።»

«ግምት ነው!»

«ድርቡን ቱቦ ከመጋዘንህ ጀርባ ከበረዶ ውስጥ አውጥተነዋል።»

ኦርቪል ወንበሩ ላይ ተልፈሰፈሰ። «መጦሪያ ቤት ግባ ብዬ ስንቴ ለመንኩት! እምቢ አለኝ። ረቡዕ የከተማው ተቆጣጣሪ ሊመጣ ነበር። ቱቦውን አይቶ ‹እዚህ ቤት መኖር አይቻልም› ይላል ብዬ ነው። ልገድለው አይደለም! አንድ ቀን እኮ ነው የቀረው…»

«ጥፋቱን ግን በእኔ ልታላክክ ነበር» አለው ዱዌይን ቀስ ብሎ።

ኦርቪል እጁን ወደ ስኒው ዘረጋ። ሄልሚ ግን ቀደሙትና ስኒውን ከፊቱ አንስተው፣ ቡናውን ማጠቢያው ላይ ደፉት።