ከአጥሩ ወዲህ

«እነዚያ የአባትሽ ታፔላዎች አይደሉም እንዴ?» አለ ዴኒ ፍሬኑን ረገጥ አድርጎ።

ሲግሪድ በመስኮቱ አንገቷን አስግጋ አየች። በመንገድ ጥገናው ግቢ ውስጥ፣ በረዶ ሲጥል አስፋልት ላይ የሚበተነው አሸዋ ከተከመረበት አጠገብ፣ ሰማያዊ የምርጫ ታፔላዎች ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ሰው በጥንቃቄ እንደደረደራቸው ያስታውቃሉ። «ላይል ሃልቨርሰን» ይላል በትልቁ፤ ከስሙ በታች ደግሞ «ደጃችንን ለእኛ ተዉልን» የሚል አለ። ሰሞኑን ተሰረቁ የተባሉት እነዚሁ ናቸው።

«ሌባው በቁጥጥር ሥር ዋለ በያ!» ብሎ ዴኒ ሳቀ። አጎቱ ቶርቫልድ ግቢው ውስጥ ሠራተኛ ስለሆነ፣ ሁለቱ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ቤት የረሳውን የዝናብ ካፖርት ሊያደርሱለት ነበር የመጡት።

ቶርቫልድ ጓንቱን እያወለቀ ወጣ። «እኔ ደግሞ ባለቤቱ መቼ ይመጣል እያልኩ ነበር» አላት። «ሣር ልናጭድ ስንወጣ ነቀልናቸው። ከአጥሩ ወዲያ ያለው የገበሬው ነው፤ ከአጥሩ ወዲህ ያለው የመንገዱ ነው። እዚያ ማንም ተወዳዳሪ መትከል አይችልም፤ የአባትሽ ተፎካካሪ የስታፕልተን ቢሆንም እነቅለው ነበር። ለመሆኑ ማን ነው የተከለው?»

ሲግሪድ የጫማዋን ጫፍ እያየች ካፖርቱን አቀበለችው። የተከለችው እሷ ነበረች።

አባቷ ፖለቲከኛ አይደለም። ከብት አርዶ፣ ገፎና ከፋፍሎ የሚያድር ባለ ሥጋ ቤት ነው። ያረደውን ሥጋ ለጎረቤቶቹ እንዳይሸጥ የሚከለክል አዲስ ደንብ ከግዛቱ ዋና ከተማ ከሄለና የመጣለት ቀን ነው ነገሩ የጀመረው። «እኔ የሸጥኩለት ሰው ታሞ ያውቃል? የምበላውን ሥጋ እኮ ነው የምሸጠው» ብሎ ሲብሰለሰል ከርሞ፣ በመጨረሻ ለሞንታና ግዛት ምክር ቤት እወዳደራለሁ አለ። መንግሥት መንገድ ይሥራ፣ ወንጀለኛ ይያዝ፤ ከዚያ ያለፈውን ለሰው ይተው ነው የሚለው። ሰው ሳቀበት፤ የሳቀበት ግን ለዚህ አልነበረም። የሳቁበት ጌሪ ስታፕልተንን እጥላለሁ ስላለ ነው። ስታፕልተን ያንን ወንበር የያዘው ሲግሪድ ከመወለዷ በፊት ነው።

ታፔላዎቹን ሲሰጣት አባቷ አጥብቆ የነገራት ነገር አንድ ነበር። «በር አንኳኪ። አስፈቅጂ። እሺ ካሉሽ ከአጥሩ ውስጥ ትከይ። የሰውን ደጅ እናክብር እያልን ሳናስፈቅድ የሰው ደጅ ላይ ብንተክል፣ እኛም ያው ነን።»

የመጀመሪያው በር የኦሪን ኩዊል ነበር። ሽማግሌው ከፈቱና ከላይ እስከ ታች አዩዋት። «አባትሽ ቀረጥ ልቀንስ ይላል። የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ የሚሄደው በቀረጡ ነው። እሱ ሲቀር አንቺ በምን ልትሄጂ ነው?» ሲግሪድ መልሱን አታውቀውም ነበር። ፊቷ ጋለ፣ አንድ ሁለት ቃል ተንተባተበችና ታፔላዋን ታቅፋ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ አንድም በር አላንኳኳችም። የአስፋልቱ ዳር አፈር ለስላሳ ነው፤ ማንም አይጠይቃትም። ሁሉንም እዚያው ተከለቻቸው።

ማታ አባቷ ቢላዋ እየሳለ «እንዴት ሆነ?» ብሎ ጠየቃት።

«ሁሉም እሺ አሉ።»

«ኦሪን ኩዊልም?»

«እሳቸውም።»

አባቷ ቢላዋውን አስቀምጦ ፈገግ አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ አረማመዱ ራሱ ተለወጠ፤ ደረቱን ነፍቶ ነው የሚሄደው። ታፔላዎቹ የጠፉ ለት ደግሞ ያመነው አንድ ነገር ብቻ ነው። የስታፕልተን ሰዎች የጎረቤቶቹን አጥር ዘለው ገብተው ነቅለዋል። ሥጋ ቤቱ ለመጣ ሰው ሁሉ ይህንኑ ሲናገር ሰነበተ። ዛሬ ማታ ደግሞ በተወዳዳሪዎቹ ክርክር ላይ፣ ሕዝብ ፊት፣ ስም ጠርቶ ሊናገር ነው።

«ትተናቸው እንሂድና ዝም በይ» አለ ዴኒ ነገሩን ስትነግረው፣ መኪናውን እያስነሳ። «አባትሽ ስታፕልተንን ይሞልጨው። እሱ ትንሽ ቢሰደብ ምን ይጎዳዋል?»

«አጎትህ ክርክሩ ላይ ይመጣል?»

«ነጻ እራት ያለበት ቦታ አጎቴ ይቀራል ብለሽ ነው?»

እውነቱን የሚያውቅ ሰው እዚያ ሊኖር ነው። ሲግሪድ ስልኳን አወጣች። አባቷ አያነሳም። ደግማ ደወለች፤ አሁንም አያነሳም። «ንዳው» አለችው ዴኒን። «ወደ አዳራሹ ንዳው።»

አዳራሹ የበጎ ፈቃድ እሳት አጥፊዎቹ ጋራዥ ነው። መኪኖቹን ደጅ አውጥተው በቦታቸው ወንበር ደርድረዋል፤ የሞተር ዘይትና የባቄላ ወጥ አንድ ላይ ይሸታል። ሰዉ ሳህኑን ይዞ ገብቶ ተቀምጧል። አባቷን ያገኘችው ደጅ፣ ከትልቁ ቀይ መኪና ጀርባ ነው። ለቀብርና ለሠርግ ብቻ የሚለብሰውን ሸሚዝ ለብሶ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ንግግሩን ያጠናል።

«አባዬ፣ አትናገር» አለችው። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «ማንም አልሰረቃቸውም። መንገድ ጥገናው ጋ ናቸው። አስፋልቱ ዳር ነበር የተከልኳቸው።»

«ከአጥሩ ወዲህ?»

«ከአጥሩ ወዲህ።»

«ኦሪንስ?»

«በሩን ከፍተውልኝ ነበር፤ እሺ ግን አላሉም። ከሳቸው በኋላ ማንንም አላንኳኳሁም።»

አባቷ እጁን ቀዩ መኪና ላይ አሳረፈ። «እኔ እኮ ያ ሁሉ ሰው ከኋላዬ አለ ብዬ ነው እዚህ የቆምኩት» አለ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ቢቆጣት ይቀላት ነበር። አንድ ሰው ከውስጥ «ላይል፣ ልንጀምር ነው!» ብሎ ሲጠራው፣ ሸሚዙን አስተካክሎ ገባ።

ሲግሪድ ከዴኒ ጎን ተቀመጠች። እጆቿን ጭኖቿ መሃል ቀበረቻቸው። የእሳት አጥፊዎቹ አለቃ ወይዘሮ ማቭ ማይክሮፎኑን ለስታፕልተን ሰጡት። ስታፕልተን አልቸኮለም።

«ሰሞኑን ሥጋ ቤት የሄደ ሰው ሁሉ ሌባ መሆኔን ሰምቶ ይመለሳል» አለ። «አቶ ሃልቨርሰን የሚለው ካለው ይኸው ሕዝቡ፣ ይኸው እኔ።»

አባቷ ተነሳ። ጥግ ላይ የቆመው ቶርቫልድ ማንኪያውን አየር ላይ እንደያዘ ቀረ።

«ታፔላዎቼን ማንም አልሰረቃቸውም» አለ። «የመንገዱ መሬት ላይ ነበሩ፤ ሠራተኞቹ በደንቡ መሠረት አነሷቸው። የአቶ ስታፕልተንን ስም በከንቱ አንስቻለሁ። ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ስታፕልተን ፈገግ አለ። «ስለ ሰው አጥር ሲሰብከን የከረመው ሰውዬ የራሱን አጥር አያውቅም ማለት ነው። ሕግ ላውጣላችሁ የሚላችሁ እንግዲህ ይኼ ነው።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሳቁ ሳይበርድ አንዱ ከኋላ «ማን ነው የተከለው?» ብሎ ጮኸ።

«ስሜ ያለበት ነው» አለ አባቷ። «የእኔ ነው።» ጆሮዎቹ ደም መስለዋል። ወደ እሷ ግን አንዴም አላየም።

ሲግሪድ ሆን ብሎ እንደማያያት ገባት። ካየ ሰው ሁሉ ዓይኑን ተከትሎ ያያታል። ስለዚህ ሙሉውን ማታ እዚያ ቆሞ ይሳቅበታል እንጂ አያያትም። ተነሳች።

ዴኒ እጅጌዋን ያዘ። «ቁጭ በይ እንጂ፣ ምን ነካሽ? አለፈልሽ እኮ።»

«አላለፈልኝም» አለችና እጇን አላቀቀች።

ጥያቄ ያለው ሰው የሚሰለፍበት ሁለተኛ ማይክሮፎን ከወንበሮቹ መሃል ቆሟል። ማንም ገና አልተሰለፈም። ወይዘሮ ማቭ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «ስምሽን፣ ከዚያ ጥያቄሽን» አሏት።

«ሲግሪድ ሃልቨርሰን።» ድምፅ ማጉያው ስሟን አግንኖ መለሰላትና ደነገጠች። «ጥያቄ የለኝም። ታፔላዎቹን የተከልኩት እኔ ነኝ። አባቴ በር አንኳኪ፣ አስፈቅጂ ብሎኝ ነበር። ፈራሁና አላስፈቀድኩም። ሁሉም እሺ አሉ ብዬ ዋሸሁት።»

አሁን የሚስቅ ሰው አልነበረም። አባቷ አንገቱን ደፍቶ ማይክሮፎኑን በሁለት እጁ ይዟል። ሲግሪድ ልትመለስ አንድ እግሯን አነሳችና ቆመች። ኦሪን ኩዊል የፊተኛው ረድፍ ላይ ባዶ ሳህናቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ያዩዋታል።

«ጥያቄ አለኝ» አለች። «ለጋሽ ኦሪን ነው። ነገ ጠዋት መጥቼ ባንኳኳ ይከፍቱልኛል?»

ሽማግሌው ሳህኑን ወለሉ ላይ አስቀመጡ። «የአውቶቡሱን መልስ ይዘሽ ነው የምትመጪው?»

«አላገኘሁትም። አባቴን እጠይቀዋለሁ። መልስ ከሌለው የለውም እልዎታለሁ።»

«እከፍታለሁ» አሉ። «እሺ እላለሁ ማለቴ ግን አይደለም።»

«አውቃለሁ» አለች ሲግሪድ፤ ወደ ወንበሯም ተመለሰች።