ነጠላዬን ያዘቀዘቅሁበት ቀን

ልጆቹ ናቸው አውሪልን፣ አውሪልን ብለው ያስጨነቁኝ፣ በተለይ የልጅ ልጄ ሰላም፣ እሷማ አብራኝ ስለነበረች ያላየችውን ግማሽ ለመስማት ነው የምትጓጓው፣ እኔ ግን እስከ ዛሬ ሙሉውን ለማንም አልተናገርኩም፣ ፈርቼ እንዳይመስላችሁ፣ አፍሬ ነው። ፊደል የለየሁት በስተርጅና ነው፣ ነገሬ ወዲያና ወዲህ ቢል ታገሱኝ።

አስቀድሜ ግን ይኼን ልንገራችሁ፣ እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሴት አይደለሁም። ሰው ጥላ አየሁ፣ ድምፅ ሰማሁ ሲል «ራትህን ሳትበላ ተኝተህ ነው» የምል ነኝ። ለሚ ተወልጄ፣ ደብረ ሲና ተድሬ፣ ደብረ ብርሃን ያረጀሁ፣ በእግሬም በጭነት መኪናም ያልዞርኩበት የለም፣ ከገበያ ስመለስ መቃብር አጠገብ ተቀምጬ እግሬን ያሳረፍኩበት ጊዜ ብዙ ነው፣ እመኑኝ፣ አንድም ቀን አንድም ነገር አላየሁም። እስከዚያ ቀን ድረስ።

ያን ጊዜ ሰላም ዩኒቨርሲቲ ትማር ነበር፣ እንግሊዝኛዋ ጥሩ ነው፣ ሁለት ፈረንጆች፣ ባልና ሚስት፣ በስልክ ተዋውቃ አንኮበርን ላሳያችሁ አለቻቸው። ትልቅ ሆቴል ከሚያርፉት ዓይነት አይደሉም፣ ጓዛቸውን በጀርባቸው አዝለው፣ እዚህ በሚኒባስ እዚያ በባጃጅ እያሉ በቁጠባ አገር የሚያዩ ናቸው፣ የአስጎብኚ መኪና ዋጋው አይቀመስም አሉ። ታዲያ እኔ ምን አልኩ፣ የክርስትና ልጄ ግርማ መኪና አለው፣ እሱ ይውሰዳችሁ፣ እኔም ከቤት ተቀምጬ ምን እሠራለሁ፣ አብሬ ዞር ዞር ልበል አልኩ። ነገሩ ሁሉ የጀመረው ከእኔ አፍ ነው፣ ይኸው።

የግርማ መኪና የቤት መኪና ናት፣ ታርጋዋ ሰው በኪራይ ለመጫን አይፈቅድም። እሱ ግን በስውር ይሠራባታል፣ ከዚያ በፊትም አንድ ጊዜ ተይዞ፣ ዳግመኛ ብናገኝህ መንጃ ፈቃድህንም መኪናህንም አታያቸውም ተብሎ ነበር፣ ሚስቱ ደግሞ እርጉዝ፣ ከዚያች መኪና ሌላ መተዳደሪያ የላቸውም። ስለዚህ እንደሱ ያሉት ሁሉ የሚያደርጉትን መላ አመጣ፣ እትዬ፣ እርስዎ ከፊት ይቀመጡ፣ ትራፊክ ካስቆመን ቤተሰብ ነን፣ ለቅሶ ነው የምንሄደው ይበሉ፣ ያዘነች አሮጊት የተቀመጠችበትን መኪና ማን ይይዛል አለኝ። እኔም ሳቅሁ። ሳቅሁ እንጂ አልተቆጣሁትም።

ከደብረ ብርሃን ወጥተን ጥቂት እንደሄድን ትራፊክ እጁን ዘረጋ። ምሳ በልተን ነው የተነሳነው፣ ገና ስምንት ሰዓት አልሞላም። ግርማ ፊቱ አመድ መስሎ ዞር ብሎ አየኝ። እኔም መኪናዋ ሳትቆም ነጠላዬን አዘቀዘቅሁ፣ ጥለቱን ገልብጬ ወደ አንገቴ አደረግሁት፣ ሐዘን የደረሰበት ሰው ነው እንዲህ የሚለብሰው፣ እኔ ለእናቴና ለባሌ ነው የለበስኩት፣ ያን ቀን ግን ለመኪና ታርጋ ለበስኩት።

ትራፊኩ ጎልማሳ ነው፣ ጨዋ። መንጃ ፈቃዱንና ሊብሬውን ተቀብሎ አየና ጎንበስ ብሎ ከኋላ ያሉትን ተመለከተ፣ ሴትየዋ ካሜራ አንገቷ ላይ፣ ሰውየው በቁምጣ።

«ወዴት ነው?»

«ለቅሶ ነው ልጄ» አልኩት።

«ለቅሶ በካሜራ?»

ሰላም ከኋላ ሆና ጓደኞቼ ናቸው፣ ሊያስተዛዝኑን ነው አለች፣ ፈረንጁም ምን እንደተባለ ሳያውቅ ጥርሱን ገለጠ፣ ሰላም በክርኗ ጎሸም ስታደርገው መልሶ ከደነው። ትራፊኩ ሊስቅ ምንም አልቀረውም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ማን ነው ያረፈው፣ እማማ?» አለኝ።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ። ስንት ዘመድ የቀበርኩ ሰው ነኝ፣ የአንዱን ስም ባነሳ ምን ነበረበት። ከአፌ የወጣው ግን የማላውቀው ሰው ስም ነው።

«አስካለ።»

«የትኛዋ አስካለ?»

«ብቻዋን የምትኖረው። አንኮበር ሳይደረስ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ፣ ከደጇ ኮሶ ዛፍ ያለው። ዛሬ ጎህ ሲቀድ አረፈች።»

እመኑኝ፣ እንዲህ ያለ ቤት አላውቅም፣ ቃሉ ሰው እንደሚያቀብለኝ እየተከታተለ ነው የወጣው። ከዚያም ይበልጥ እንዲያምነኝ ብዬ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ አለቀስኩ፣ እንባ ዱብ ዱብ አለልኝ።

ሰውየው እጁን በሩ ላይ እንዳሳረፈ ቆመ። ቆይቶ ቆይቶ ወረቀቱን ለግርማ መለሰና «ሂዱ» አለ፣ እግዜር ያጥናችሁ እንኳ አላለም፣ ፊቱን ወደ ማሳው አዞረ።

ራቅ እንዳልን ግርማ መሪውን በመዳፉ እየመታ ሳቀ፣ እትዬ፣ እርስዎማ ቴአትር ቤት ነበር መግባት ያለብዎት አለኝ፣ ሰላም ለፈረንጆቹ ስታስረዳቸው እነሱም ሳቁ፣ ሴትየዋም ነጠላዬን እንዳዘቀዘቅሁ ፎቶ አነሳችኝ። ፎቶው ዛሬም ሰላም ስልክ ውስጥ አለ፣ እኔ አላየውም።

ወደ አንኮበር ስንቃረብ ጉሙ መጣ። የዚያን አገር ጉም የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ከቆላው ተነስቶ ገደሉን ይወጣና በጠራራ ቀን አገሩን ያጨልመዋል። መኪናዋም መፍላት ጀመረች፣ ግርማ ዳር አቁሞ ኮፈኗን ከፈተ፣ ውኃ ያስፈልጋታል አለ፣ የያዛት ጀሪካን ደግሞ ባዶ። ፈረንጆቹ የጭላዳ ዝንጀሮ ድምፅ ሰማን ብለው ከሰላም ጋር በአንድ ወገን ሄዱ፣ እኔን ደግሞ ጭስ ሸተተኝና ቤት ባገኝ ብዬ ጀሪካኗን አንጠልጥዬ በሌላው ወገን ወረድሁ፣ ቢጫ ጀሪካን ናት፣ ክዳኗ ጠፍቶ አፏ በቀይ ጨርቅ የተወተፈ።

መጀመሪያ የሰማሁት ቀጭን ድምፅ ነው። ጭላዳ ነው አልኩ። ጥቂት ስወርድ ግን ቃል አለበት፣ የለቅሶ ዜማ ነው፣ ሴት ናት፣ አንዲት ሴት ብቻ። ታውቃላችሁ፣ ለቅሶ ላይ አንዷ ሙሾ ስታወርድ ሌሎቹ ይቀበሏታል፣ ይህችኛዋ ግን ታወርድና ዝም ትላለች፣ ተቀባይ እንደምትጠብቅ፣ የሚቀበላት ሲጠፋ ደግሞ ከመጀመሪያው ትጀምራለች። ጉሙ ገለጥ ሲል ከፊቴ ኮሶ ዛፍ ቆሟል።

ኮሶ በዚህ አገር ስንት አለ፣ አንቺ ሴትዮ ምን ነካሽ ብዬ ራሴን ተቆጣሁ። በሩ ገርበብ ብሏል፣ በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ደፉ ላይ ተቀምጣለች፣ ዜማው ያን ጊዜ ቆመ። ቤቶች፣ ውኃ ፈልጌ ነበር እህቴ፣ መኪና ቆማብን ነው አልኩ። እሷ ግን ጀሪካኗን አላየችም፣ የምታየው ነጠላዬን ነው። ለካ አላስተካከልኩትም፣ ጥለቱ እስካሁን አንገቴ ላይ ነው።

«መጣሽ?» አለችኝ። «ሰው አይመጣም ብዬ ነበር።»

ተነስታ ገባች፣ እግሯ ድምፅ የለውም፣ ውስጥ ግን የድስት ክዳን ሲነሳ ሰማሁ። ተመልሳ በእፍኟ የያዘችውን መዳፌ ላይ አደረገችው፣ ንፍሮ ነው፣ ስንዴና ባቄላ፣ ለቅሶ ቤት የሚቀርበው። ንፍሮው መዳፌን አቃጠለኝ፣ የእሷ ጣት ግን ሲነካኝ ውርጭ ላይ ያደረ ድንጋይ ነው።

ማን ሞቶብሽ ነው እህቴ አልኳት።

«አልቅሽልኝ እንጂ» አለች፣ ቁጣ የለባትም፣ እንደ መለመን ነው። «ለእኔ ብለሽ አይደል የመጣሽው? መንገድ ላይ አልቅሰሽልኝ የለም እንዴ?»

ማልቀስ ነበረብኝ። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳፍረኝ ይኼ ነው። ለትራፊክ በውሸት እንባዬን ያፈሰስኩ ሴት፣ ያቺ ደጇ ላይ ቆማ ስትለምነኝ አንድ ዘለላ አልወጣኝም። ጀሪካኗን ጥዬ ሮጥኩ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ዳገቱን። ከኋላዬ ዜማው ደግሞ ጀመረ፣ ይወርድና ዝም ይላል፣ ይጠብቃል።

ስደርስ ፈረንጆቹ የሚጠጡትን ውኃ ለመኪናዋ ሰጥተው ተነስታለች። ግርማ የት ጠፉ፣ ስንጣራ አይሰሙም እንዴ፣ ጀሪካኗስ አለኝ፣ ወደቀችብኝ አልኩ። ሰላም የለቅሶ ድምፅ ሰምታ እንደሆነ ጠየቅኋት፣ ምንም አልሰማሁም አለች፣ ግን መዳፌን አየችና «እማዬ፣ ይኼን ንፍሮ ከየት አመጣሽ?» አለች። አንዲት ሴት ሰጠችኝ አልኩ፣ በዚያው ቀረ። ልበላው አልደፈርኩም፣ መጣሉም ነውር ነው፣ ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጥሬ ቤት ደረስኩና ለዶሮዎቼ በተንሁላቸው። ዶሮዎቹ ዞረውት ሄዱ።

የግርማ ሚስት በሰላም ተገላገለች፣ መኪናዋም እስከ ዛሬ ትሠራለች፣ እኔ ግን ዳግመኛ አልተሳፈርኩባትም። ሄጄ ቤቱን ልፈልግ፣ ሴትየዋን ይቅርታ ልጠይቃት እል ነበር፣ ክረምቱ ይውጣ፣ ጾሙ ይፈታ እያልኩ ስድስት ዓመት አለፈ።

አምና ከደብረ ሲና በሚኒባስ ስመለስ ትራፊክ አስቆመን፣ ተሳፋሪው ማጉረምረም ጀመረ፣ አጠገቤ የተቀመጠው ጸጉሩ የሸበተ ሰው ግን አትርገሟቸው፣ እኔም ትራፊክ ነበርኩ አለ። ለምን ተውከው ሲሉት፣ መርዶዬን አስፋልት ላይ ቆሜ ሰማሁ፣ ከዚያ ወዲህ መኪና ማስቆም አልሆንልኝ አለ አለ። እኛ ዘንድ መርዶ እንዲያ አይነገርም፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ሰውየውን ደግፈው ነው። እሱን ግን አንዲት አሮጊት በመኪና መስኮት የእናቱን ስም ጠርታ፣ የደጇን ኮሶ ጠርታ ነገረችው። ፈረንጆች ፊት ማልቀስ አፈረ፣ ተተኪ እስኪመጣለት ድረስ ቆሞ መኪና ሲያሳልፍ ቆየ። ቤቷ ሲደርስ የሰማ ጎረቤት የለም፣ በሩን ቢገፋው እናቱ መደቧ ላይ ናት፣ ገላዋ ከደረቀ ቆይቷል።

«ያቺን እናት ባገኛት እግሯን እስም ነበር» አለ። «እሷ ባትነግረኝ ስንት ቀን ትተኛ ነበር። ግን ለእሷ ማን ነገራት?»

ትከሻችን ይነካካል። ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብ አደረግሁና መውረጃዬ ሳይደርስ ወራጅ አለ አልኩ።

ስወርድ አንዷ ተሳፋሪ፣ ምስኪን፣ እሳት የሚያነድላት እንኳ አልነበራትም ይሆናል ስትለው ሰማሁ።

«እሱ ነው እኮ የሚገርመኝ» አለ። «ምድጃው ላይ ድስት ሙሉ ንፍሮ ነበር፣ ትኩስ፣ ከላዩ አንድ እፍኝ ብቻ ተነስቶለታል። ደጃፉ ላይ ደግሞ የማናውቀው ቢጫ ጀሪካን ወድቋል፣ አፉ በቀይ ጨርቅ የተወተፈ።»