የአብዱልወዱድ አውራ ጣት

ኢንስፔክተር ወይኒ ሰሜን ክፍለ ከተማ ካለው የብሎኬት ማምረቻ ስትደርስ ሬሳው ገና አልተነሳም። ከወሎ የመጣው ሠራተኛ አብዱልወዱድ የብሎኬት ክምር ተንዶበታል። ያልተከፈለ የአምስት ወር ደሞዙን ከአሠሪው ለማስመለስ ከሶ ቀጠሮው ለዛሬ ጠዋት ነበር። ይህ መገጣጠም ለወይኒ አልጣማትም።

ከኪሱ «የአምስት ወር ደሞዜን ተቀብያለሁ» የሚል ወረቀት ወጣ። ከግርጌው ጥርት ያለ የጣት አሻራ አለበት። ብሩ ግን የለም።

«ትናንት አመሻሽ ቆጥሬ ሰጠሁት፤ ፊቴ ነው የፈረመው» አለ ከሮማናት ካፌ የተጠራው የማምረቻው ባለቤት ልዑልሰገድ። «አብሮት የቀረው ኸድር ነው። ገንዘብ አየ፣ ገደለው፤ ሌላ ምን አለ!»

የሟቹ የአገር ልጅ ኸድር በካቴና ታስሮ ቆሟል። «ወላሂ ሓፍተይ፣ እህቴ፣ ብር የሚባል አላየሁም! እኔም እኮ አልተከፈለኝም።»

«እርስዎስ?» አለችው የሠራተኞቹን አለቃ ንጉሰን።

«ቀድሜ ወጥቻለሁ። እንጀራዬ እዚህ ነው፣ አያስለፍልፉኝ።»

ከሟቹ ባሏ ጋር ሲሚንቶ ስታቦካ የኖረችው ጣይባ ደረቷን እየመታች «ሐቁ የት ገባ? ልጆቹ ምን ይብሉ?» አለች።

ወይኒ ተንበርክካ የሟቹን አውራ ጣት አየች። ቀለም ነክቶታል፤ ቆዳው ግን ልሙጥ ነው። ቢሮውን አስፈተሸችና ሁሉንም እዚያው ሰበሰበች።

«ጣታችሁን ቀለም አስነክታችሁ ወረቀት ላይ አትሙ።»

የኸድር እድፍ ብቻ ሆነ። አለቃ ከመሆኑ በፊት አሥር ዓመት ሲሚንቶ ያቦካው ንጉሰም እንደዚያው።

«ሲሚንቶ የጣት መስመር በልቶ ይጨርሳል» አለች ወይኒ። «የሟቹም ጣት እንዲሁ ነው። ታዲያ ይህ ጥርት ያለ አሻራ የማን ነው? እዚህ ሲሚንቶ የማያውቅ እጅ አንድ ብቻ ነው። ልዑልሰገድ፣ ክሱን አልተውም ሲልህ ክምሩን ገፋህበት። የሬሳውን ጣት ቀለም አስነክተህ አተምህ፤ እድፍ ሲወጣ ‹ማን ያምነኛል› ብለህ ወረቀቱን ቀደድኸው። ቅዳጁ ከቅርጫትህ ተገኝቷል። ከዚያ በሌላ ወረቀት የራስህን አትመህ ኪሱ ከተትህ። ሰባት ዓመት ሲያገለግልህ እጁን አንድ ቀን እንኳ አላየኸውም!»

አቤት የሰው ጭካኔ! ልዑልሰገድ ለማተም እምቢ ብሎ እጁን ኪሱ ከተተ። ካቴናው ከኸድር ወልቆ ለሱ ሆነ።

«ሐቁስ?» አለች ጣይባ።

«ያ ወረቀት ውድቅ ነው፤ ክሱን በወራሽነት ትቀጥያለሽ። መጀመሪያ ቃልሽ ላይ ፈርሚ።»

ጣይባ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ወረቀቱ ላይ አጥብቃ ተጫነች። ወይኒ ወረቀቱን አይታ አንገቷን ደፋች።

«አልወጣም እንዴ?» አለች ጣይባ። «ደግሜ ልጫነው?»