የራስዎ ገላ ነው

ጡረተኛው መምህር ኪዳነ ማርያም ደባርቅ ባለው ቤታቸው፣ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ሞተው ተገኙ። ዓመታት ሙሉ ሲንቀጠቀጥ የኖረው እጃቸው ጭናቸው ላይ ጸጥ ብሏል፤ ፊታቸው አባብጧል። ኢንስፔክተር አገርነሽ ሌላ አስከሬን አይታ ከተራራው፣ ከቡይት ራስ መመለሷ ነበርና ሞት ሰልችቷት ነበር። እጅጌያቸው በሥርዓት ተጠቅልሏል። ክንዳቸው ላይ አዲስ የመርፌ ቀዳዳና ምስር የምታህል ጠባሳ አየች።

ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺወርቅ ጣታቸውን ልጃቸው ላይ ቀሰሩ። «ስንቄ ናት የወጋችው! ጠበሉን ትቶ ክኒን እንዲውጥ ስትጨቀጭቀው ነው የከረመች።»

«እማዬ፣ እኔ መርፌ መያዝ መቼ አውቃለሁ?» አለች ስንቄ። እናቷ ፊታቸውን አዞሩባት። በር ላይ የቆመው ፖሊስ ሊወስዳት ትእዛዝ ብቻ ይጠብቃል።

የሟቹ የእህት ልጅ ይስማው መድኃኒት ቤት አለው። «እኔ ዳባት ነበርኩ» አለ።

«መምህር ጠበል ከጀመሩ ወዲህ መድኃኒት ነክተዋል?» አለች አገርነሽ።

«ኧረ በስመአብ!» አሉ የሺወርቅ። «ጠበሉን ያፈርስብኛል ብሎ የራስ ምታት ክኒን እንኳ አልቀመሰም።»

«ጠባሳዋስ?»

«ሚስማር ጭሮኝ ነው ብሎኛል።»

ስንቄም የሰማችው ይህንኑ ነበር። ይስማው ግን፣ «አይ፣ ለጥናት ቆዳ የተወሰደበት ነው። ጎንደር ተመራማሪዎች ዘንድ ያደረስኳቸው እኔ ነኝ» አለ።

አገርነሽ ወጥታ ለተመራማሪዎቹ ስልክ ደወለች። ስትመለስ ሦስቱንም አስቀመጠቻቸው።

«የትግል ምልክት የለም፤ ክንዳቸውን ወደው ሰጥተዋል። ጠበል ላይ ያለ ሰው ለመድኃኒት ክንዱን አይሰጥም፤ ስንቄንማ እምቢ ብለዋታል። የሰጡት መድኃኒት አይደለም ላላቸው ሰው ነው። ተመራማሪዎቹ ከቆዳቸው ስቴም ሴል የሚሉትን፣ ወደ ሌላ የገላ ክፍል ሊለወጥ የሚችል ሴል፣ ከዚያም የአንጎል ሴል አሳድገው የሚያንቀጠቅጣቸውን በሽታ ያጠናሉ እንጂ ማንንም አይወጉም። ‹የራስዎ ገላ ነው የተመለሰ፣ ጠበል አያፈርስም› ሊላቸው የሚችለው ቆዳው መወሰዱን የሚያውቅ ብቻ ነው። ያን ደግሞ ከእናንተ መካከል የሚያውቀው ይስማው ብቻ ነው።»

ይስማው አመነ። «አንድ ነጋዴ ስቴም ሴል ነው ብሎ ሸጠልኝ። የራስዎ ነው ያልኳቸው እሺ እንዲሉኝ ነው። ይድናሉ ብዬ ነበር፤ ፊታቸው ሲያብጥ ደንግጬ ሸሸሁ።»

«እንዲህ ያለ ሴል ከባድ ቅዝቃዜ ውስጥ ካልቆየ ይሞታል፤ የተበላሸው ቢወጋ ሰው ይገድላል። በምን አመጣኸው?»

«በኮቴ ኪስ።»

አገርነሽ ልትቆጣው ፈለገች፤ አቅም አጣች። ፖሊሱ በስንቄ ፈንታ ይስማውን ይዞ ወጣ።

የሺወርቅ የልጃቸውን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ። «ይቅር በይኝ፣ ልጄ» አሉና አለቀሱ። ስንቄ አቀፈቻቸው። ቆይተው ወደ አገርነሽ ቀና አሉ።

«ያ የተወሰደው ገላው፣ አሁንም በሕይወት አለ?»

«አለ ብለውኛል፣ እናቴ።»

«እዚያም ያንቀጠቅጠዋል?»

አገርነሽ ብዙ ጥያቄ ጠይቃ ታውቃለች። ይህኛውን ለመጠየቅ ስልኳን አንስታ ጎንደር ደወለች።