በቅጂው ውስጥ ያልነበረው ሕፃን

ዶክተር ሩሐማ፣ ደባልቄን መጀመሪያ ያየችው ቢሮ ውስጥ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ደፍቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ነው። የተኛ መሰላት።

«ይቅርታ... እዚህ ይተኛል እንዴ?»

ደንግጦ ተነሣ። «ኧረ አልተኛሁም ዶክተር! ዓይኔን ስጨፍን በደንብ ስለምሰማ ነው።»

አፈረች። እሱ ፈገግ አለ። ያቺ ፈገግታ ናት ጉድ የሠራቻት!

ሩሐማ አሶሳ የመጣችው ከሥነ ልቦና ዶክትሬቷ በኋላ ለሁለት ዓመት የምርምር ሥልጠና ነበር። ከመተከል የተፈናቀሉ ሰዎችን እያነጋገረች፣ ያ ሁሉ መከራ ስንቱን ወደ መጠጥ እንደገፋው ታጠናለች። ደባልቄ ደግሞ የተቀዳውን ድምፅ ወደ ጽሑፍ ይገለብጣል፤ ሳሉንም፣ ዝምታውንም ሳይቀር። ከሥራ ሲወጡ በማንጎ ዛፎቹ ሥር አብረው ይሄዳሉ። ሦስት ወር እንዲህ ሆነ። መዋደዳቸውን ሁለቱም ያውቃሉ፤ ደፍሮ የተናገረ ግን የለም።

አንድ ቀን አሠልጣኟ፣ የአእምሮ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ዱጋሳ ጠሯት።

«ሩሐማ፣ አሥራ ሰባተኛው ጽሑፍ ላይ ‹ሕፃን ያለቅሳል› ይላል። ቅጂውን ሰማሁት። ሕፃን የለም።»

እሷም ሰማችው። የሚናገሩት አንድ ሽማግሌ ብቻ ናቸው። ሌሎቹን ጽሑፎች ስትገልጥ ስምንቱ ላይ ያው ሕፃን ያለቅሳል። ደባልቄ ከራሱ እየፈጠረ ሲጽፍባት የከረመ መሰላትና ደሟ ፈላ፤ ወደ ቢሮው ገሰገሰች።

«ሰው አምኖ የሰጠኝን ቃል ትቀጥፍበታለህ? እንዲህ አላሰብኩህም ነበር!»

ደባልቄ ጠጋ አላት። «አንቺ... አትሰሚውም?»

«ምኑን?»

«ሕፃኑን። ሲያለቅስ ይሰማል እኮ!»

ከአፉ አረቄ የሸተታት ያኔ ነው። የሱስ ሊቅ ተብላ የሩቁን ስትመረምር፣ አጠገቧ ያለውን ሳታይ ከርማለች።

«የእህቴ ልጅ ነው» አለ ደባልቄ። «ከመተከል ስንሸሽ ያዘልኩት እኔ ነበርኩ። ሁለት ቀን አለቀሰ። እንዳያስይዘን ‹ዝም በል› አልኩት። ዝም አለ... ጀርባዬ ላይ ሞተ። አሁን ካልጠጣሁ ዝም አይለኝም።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ከሥራው ታስወጪኛለሽ፤ አንቺን አጣለሁ ብዬ።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፣ ደባልቄ!» አለቀሰች። «ደግሞ እኔ ላክምህ አልችልም።»

«ለምን?»

«ስለምወድህ።»

በማግስቱ እጁን ይዛ ፕሮፌሰር ዱጋሳ ዘንድ ወሰደችው። ሕክምናውን እሳቸው ያዙ፤ የቀሩትን ቅጂዎች ሩሐማ ራሷ ገለበጠች። አረቄው ሁለት ጊዜ መልሶ ጣለው፤ ሁለት ጊዜ ተነሣ። ሥልጠናዋ ሲያልቅ አዲስ አበባ ሥራ ተገኘላት። አልሄደችም። እሱ ዓመት ሙሉ ሳይጠጣ ሲቆይ ተጋቡ።

ባለፈው እሑድ ከሰዓት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ደባልቄ ድንገት ፊቱ ገረጣ።

«ሩሐማ... ሕፃን ያለቅሳል።»

«አዎ።»

«ትሰሚዋለሽ?»

«እሰማለሁ። ልጅህ ናት፤ ነቅታ ነው። ሂድና እቀፋት።»

ሄዶ አቀፋት። ትንሽ እሹሩሩ ሲላት ሕፃኗ ዝም አለች። እሱ ግን ክው አለ፤ ጆሮውን ደረቷ ላይ ለጥፎ ዓይኑን ጨፈነ።

ሩሐማ መጥታ ትከሻውን ያዘችው።

«ተኝታ ነው» አለችው። «ተኝታ ነው፣ የኔ ዓለም።»